ከአሜሪካ የመጣ ዱዋል 1219 አዲስ አበባ ላይ ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ላሻሽለው ወይስ ልሽጠው?

የሸክላ ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ሸክላ ማጫወቻ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ «ብሉቱዝ ስፒከር ግዢና ተገላገይ» ነው የሚለኝ።

አጎቴ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ቤት ሲቀይር ዱዋል 1219 ሸክላ ማጫወቻውን ላከልኝ። የጀርመን ሥራ ነው፣ ሲያነሱት ወገብ ይፈትናል፣ የእንጨት ሳጥኑ ብቻውን ያምራል። እዚህ ደግሞ የአባቴ ሸክላዎች አሉ። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ 45 የሚባሉት ናቸው፤ አሳታሚያቸው አምሃ ሬከርድስ፣ ካይፋ፣ ጥቂት የፊሊፕስም አለ። ትልልቆቹ፣ በ33 የሚዞሩት ኤልፒዎች፣ የውጭ ዘፈን ናቸው።

ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት። ዞረ፣ ድምፅም ወጣ። ግን ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ነው። ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ሆነች፣ ወንዱ ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። ችክችካው ሁሉ ትዝታ ሆነብኝ! ፍጥነት ማስተካከያዋን እስከ ጫፍ ባዞራትም ለውጡ ትንሽ ነው።

ሌላው፣ አውቶማቲኩ አይሠራም። ማስነሻውን ስጫን ክንዱ ብድግ ይላል፣ ወደ ሸክላው ሳይሄድ እዚያው መቀመጫው ላይ ተመልሶ ይወርዳል። በእጄ ካስቀመጥኩት ግን ይጫወታል። ድምፁም ቀጭንና ትንሽ ነው፣ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። ያገናኘሁት ከቴሌቪዥኑ ሆም ቲያትር ጋር ነው፣ ኦክስ የሚለው ተራ የድምፅ መግቢያ ላይ።

አንድ ጠጋኝ ጋ ወስጄው ነበር። ሳይከፍተው «ሞተሩ ደክሟል፣ ይቀየር» አለኝና የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ይዤው ተመለስኩ።

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ገንዘቤ ውስን ነው፤ ከየቱ ልጀምር? አንዱ ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚይዘውን) ቀይሪ ይላል፣ አንዱ ሽቦ ቀይሪ ይላል፣ አንዱ ከሥሩ እብነ በረድ አድርጊ ይላል። ወይስ ሸጬው አዲስ ልግዛ? ያለው ካርትሪጅ ሹር ኤም91 የሚል ነው። መርፌው ስንት ዓመት እንደሠራ አጎቴም አያስታውስም።

ሙሉ ድምፅ

እህቴ እኔ ብሆን እሸጠዋለሁ። አትቀየሚኝና ዱዋል 1219 ውስጡ ስንት ዘንግ፣ ስንት ስፕሪንግ፣ ስንት የደረቀ ግሪስ እንዳለ ብታዪ ሌሊት እንቅልፍ አይወስድሽም። አውቶማቲኩ ብቻውን አንድ ሰዓት ሠሪ ይፈልጋል። ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ1982 ከስሯል፤ ዕቃ ከየት ታመጫለሽ?

አሁን ብዙዎቹ አዳዲሶች በዲሲ ሞተር ነው የሚሠሩት፣ የሸክላን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ፎኖ ማጉያ ውስጣቸው አለ፣ ኦክስ ላይ ሰክተሽ መስማት ነው። ዝም ብለሽ ዘፈንሽን ስሚ። ሰው የድሮ ዕቃ ሲያቅፍ አይቶ የራሱን ቅዳሜና እሁድ ሲያቃጥል ብዙ አይቻለሁ።

ብቻ ያቺን ሻንጣ የመሰለች፣ ስፒከሯ ከራሷ ጋር የሆነች ማጫወቻ እንዳትገዢ። ብዙዎቹ ሸክላው ላይ 5 ግራም አካባቢ ነው የሚጫኑት። ለአባትሽ 45ዎች ቢላዋ ነው።

ራዲዮ ጠጋኙ

ልጄ፣ ሞተሩ አልደከመም። ሳይከፍት ሞተር ይቀየር ያለሽ ሰውዬ እግዜር ይይለት። ማጫወቻሽ አሜሪካ ያለ መስሎት ነው የሚዞረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። የገዛሽው ትራንስፎርመር የሚቀንሰው ቮልቱን ብቻ ነው፤ 50ውን ኸርዝ 60 አያደርገውም። የዚህ ዓይነት የኤሲ ሞተር (በቀጥታ በቤት መብራት የሚዞር) ደግሞ የሚከተለው ኸርዙን ነው። መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስለት በለመደው ፍጥነት ይዞራል፣ 50 ጊዜ ሲሆንበት በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ 33 ከሲሶው ወደ 27.8 ይወርዳል፣ 45ቱ ወደ 37.5። ይሄ በዜማ ከሦስት ግማሽ ቃና በላይ ነው። ያቺ ማስተካከያ ቁልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትሰጥሽ ግማሽ ቃና ያህል ነው፤ ብታዞሪያት ብታዞሪያት አትደርስም።

እርግጠኛ ለመሆን ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፊ፣ 33 ላይ አድርጊው፣ ሰዓት ይዘሽ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቁጠሪ። 28 አካባቢ ከሆነ እኔ ያልኩት ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ወይም አንዴ ፈጥኖ አንዴ ከዘገየ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ግሪሱ ደርቋል ወይም ሞተሩንና ሳህኑን የምታገናኘው የጎማ ጎማ (ጎማ የለበሰችው ትንሽ መንኮራኩር) ትንሸራተታለች።

መፍትሔው ፑሊ ነው። ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽዋ የናስ ፑሊ ለ60 የተሠራች አለች፣ ለ50 የተሠራች አለች። ዱዋል ሁለቱንም ነበር የሚሠራው፤ ያው አንድ ማሽን ለጀርመንም ለአሜሪካም ይሸጥ ስለነበር። የ50ዋ በ20 በመቶ ትወፍራለች። ሳህኑን ስታነሺ (መሐሉ ላይ ያለችውን የሽቦ ቀለበት በጥንቃቄ አውጪና) ፑሊዋን ታያታለሽ፣ በትንሽ ብሎን ነው የተያዘችው። ከፍታዋን ሳትነኪ በፊት ለክተሽ ጻፊ፣ አዲሷ እዚያው ከፍታ ላይ መቀመጥ አለባት።

አንዱ መጥቶ «ቶርኖ ቤት ወስደን እናስቀርጸው» ይልሻል። ለቀላል ባለ ቺንጋ ማጫወቻ ጎበዝ ቶርነኛ ካገኘሽ ያስኬዳል። የ1219 ፑሊ ግን ሦስት ደረጃ አላት፣ ለ33፣ ለ45፣ ለ78፤ እያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ በትንሹ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ያቺ ማስተካከያ ቁልፍ የምትሠራው የጎማ ጎማዋን ሾጣጣው ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው። ከመሐል ትንሽ ካፈነገጠች ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ የቶርኖ ልጆችን አልንቅም፣ የብዙ ማሽን ነፍስ ያቆዩ ናቸው። ይቺን ግን ከጀርመን አስመጫት። ያገለገለ ፑሊ የሚሸጡ እዚያ ሞልተዋል፣ ከሙሉ ሞተርም ብዙ ትረክሳለች።

አሁን አውቶማቲኩ። ክንዱ ተነስቶ ካልሄደ ዘጠና በመቶ የዱዋል የታወቀች በሽታ ናት። በሥሩ በኩል፣ ክንዱን የሚገፋው ዘንግ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የማትሞላ የጎማ ቁራጭ አለች። ጀርመኖቹ ሽቶየርፒምፕል ይሏታል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወይ ደርቃ ትፈርሳለች ወይ ቀልጣ ሙጫ ትሆናለች። የብስክሌት ካላማዳሪ ቫልቭ ላይ፣ የድሮው ዓይነት፣ የምትጠለቅ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች አይደል? እሷን በልኳ ቆርጦ ማልበስ ነው። የሲሊኮን ሽቦ ልባስም ይሆናል። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አያልፍም።

እና ልጄ፣ ደብልዩ ዲ 40 እንዳትነፊበት። ለሞተሩ ኩሽኔታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ሁለት ጠብታ በየበኩሉ፣ በቃ። የጎማ ጎማዋ ላይ ዘይት ጠብ እንዳይል፤ እሷ በአልኮል ትወለወላለች።

ሙሉ ድምፅ

ጋሼ ልክ ኖት፣ ኸርዙን ረስቼው ነው የዘለልኩት። ግን ይሄ እኮ የእኔን ነው የሚያጠናክረው! ፑሊ ከጀርመን፣ ጎማ ከብስክሌት፣ ዘይት ከልብስ ሰፊ… ሰው ዘፈን ለመስማት ይሄን ሁሉ?

ራዲዮ ጠጋኙ

አዎ ይሄን ሁሉ። ያልተመቸው ብሉቱዝ አለለት።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም የሸክላ ጀማሪ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ የኛ ሰው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሲዞር ማጫወቻ አግኝቶ አዲስ አበባ ልኮ ያው ያንቺ ዓይነት ነገር የደረሰበት ብዙ ነው። ሊልኩ ያሰቡ ካሉ ያንብቡት፤ በቺንጋም ሆነ በጎማ የሚሠራ ባለ ኤሲ ሞተር ከሆነ ኸርዙን ጠይቁ። ኤሌክትሮኒክስ ሞተሩን የሚቆጣጠርላቸው ዳይሬክት ድራይቮች (ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞርላቸው) ግን ኸርዝ አይነካቸውም። ቴክኒክስ ኤስኤል 1200፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው፣ ከዚያም ዲጄዎቹ የያዙት ማርክ 2፣ በትራንስፎርመር ብቻ ልክ ፍጥነቱን ይዞ ይዞራል። የመብራቱ ኸርዝ ስንትም ይሁን ማርክ 2ን የሚመራው ውስጡ ያለ ኳርትዝ፣ ፍጥነቱን የሚጠብቅ ክሪስታል፣ ነው።

ሲላክ ደግሞ ሳህኑ ይውጣ፣ የክንዱ የኋላ ክብደት ይፈታ፣ ክንዱ በለስላሳ ነገር ይታሰር፣ የማጓጓዣ ብሎኖቹ ይጥበቁ። ዱዋል በስፕሪንግ ላይ የተንሳፈፈ ነው። በነገራችን ላይ አንቺም እነዚያ ብሎኖች መፈታታቸውን እይ፤ ጠብቀው ከሆነ የቤቱ እርምጃ ሁሉ መርፌው ላይ ይደርሳል። ሲፈቱ ማሽኑ በጣት ስትነኪው ትንሽ ይወዛወዛል።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጋሼ ማሽኑን ብቻ ነው ያዩት። ቀጭን ነው፣ ትንሽ ነው ያልሽው ካርትሪጁ ስለሞተ አይመስለኝም። ኦክስ ላይ ስለሰካሽው ነው። ማግኔት ያለው ካርትሪጅ የሚያወጣው 4 ወይም 5 ሚሊቮልት ነው፣ ኦክስ የሚጠብቀው ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። ማነሱ ብቻም አይደለም። ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ቤዙ እንዳለ ቢቆረጥ መስመሩ እየሰፋ ጎረቤቱን ይበላዋል፣ ቀጭኑም በሽሽታ ይዋጣል። ሲጫወት ይሄንን ወደ ቦታው የሚመልስ ዕቃ ያስፈልጋል። ልኩ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አር አይ ኤ ኤ የሚባለው ነው። ይሄን የሚያደርገው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ቤዝ የለውም ያልሽው ቤዙ ሸክላው ላይ ስለሌለ ሳይሆን መላሽ ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ከፑሊው ቀጥሎ የመጀመሪያ ገንዘብሽ ፎኖ ፕሪአምፕ ላይ ይዋል። ወይም አንድ ዘዴ አለ። የድሮ ሪሲቨር (ሬዲዮና ማጉያ ባንድ ላይ)፣ ፎኖ የሚል ቀዳዳ ያለው፣ መርካቶ ወይም አንድ ዘመድ ቤት ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ታገኛለሽ። ፎኖ ውስጡ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሞኖ የሚል ቁልፍም አለው፣ እሱ ለ45ዎችሽ ይጠቅማል። ከማጫወቻው የምትወጣ ቀጭን የምድር ሽቦ ካለች ጂኤንዲ ከሚለው ብሎን ጋር እሰሪያት፤ ካለዚያ እምምም የሚል ድምፅ ሲረብሽሽ ይኖራል።

ካርትሪጁ። ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 የሸክላ ካርትሪጅ መሥራት አቁሟል። ኤም91 በጊዜው ጥሩ ነበር፣ አሁንም የጃፓኑ ጂኮ ለድሮ ሹሮች መርፌ ይሠራል። ግን ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ ይዘሽ የአምሃ 45 ላይ አታስቀምጪ፣ እባክሽ። ጫፉ የተበላ አልማዝ መስመሩን ይፍቃል፣ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። የአምሃ ሸክላዎች እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ የወጡ ናቸው፣ ከዚያ ካሴት መጥቶ ሸክላውን ጠራርጎ አወጣው። እዚህ ሰብሳቢዎች ደህናዋን አንድ ፍሬ በመቶዎች ዶላር ሲገዙ አያለሁ። ቆራሌው በር ላይ ሲጣራ አባትሽ ዝም ብለው አለማውጣታቸው ተመስገን ነው።

እኔ የምለው፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ። 4 ሚሊቮልት ይሰጣል፣ 2 ግራም ላይ ይጫናል፣ ለ1219 ክንድ አይከብድም አይቀልም። ጥሩነቱ ገላው አንድ ሆኖ መርፌው ብቻ ይቀየራል፤ በኋላ ገንዘብ ሲኖርሽ የተሻለ መርፌ እዚያው ላይ ትሰኪያለሽ።

የሸክላ ጀማሪ

ወይኔ፣ ቆጠርኩት። 28! ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ ደውሎ «አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁሉ ቀስ ይላል፣ እሱም ለምዶ ነው» ብሎ ስቆብኛል።

ጎማዋን ከሥር አየኋት፤ በእርግጥም ቦታው ላይ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ነው ያለው።

ጥያቄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያልሽው/ያልከው ካርትሪጅ ብዙ ዓይነት ፊደል አለው፤ ሲ፣ ኢ፣ ኢኤን፣ ኤምኤል፣ ኤስኤች። ዋጋቸው በጣም ይለያያል። ለተጫወተ፣ ለተቧጨረ የድሮ 45 ውድ መርፌ ምን ይሠራል? ርካሹ አይሻልም?

ሙሉ ድምፅ

እዚህ ላይ እኔ ልናገር፣ በሱ ቤት ነው የምኖረው። ፊደሉ የመርፌውን ጫፍ ቅርፅ ነው የሚናገረው። ሲ ክብ ነው፣ ኢ ሞላላ፣ ኢኤን ደግሞ ሞላላው ሆኖ አልማዙ ሙሉ የሆነ፣ ኤምኤል ማይክሮላይን፣ ኤስኤች ሺባታ። ክቡ መስመሩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚነካው፣ ማይክሮላይኑ ግን ጠበብ ብሎ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ይዳስሳል።

አሁን አስቢው፤ የአባትሽ 45 በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተጫወተው በምን ነበር? በክብ፣ በከባድ መርፌ። የተበላው ያ መርፌ የነካው ቦታ ነው። አንቺ ደግሞ ክብ ስታስቀምጪበት እዚያው የተበላው ላይ ነው የምትሄጂው። ማይክሮላይን ብዙ ጊዜ ያልተነካ ግድግዳ ያገኛል። ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንዱ ሸክላ ከሥር እስከ ላይ አልቋል፣ እሱን አልማዝም አያድነውም።

ሌላው ሒሳብ ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ራሱ ለሞላላው 300 ሰዓት ያህል፣ ለማይክሮላይኑ 1000 ሰዓት ያህል ይላል። አሜሪካ ያለ ሰው ሲያልቅበት አዝዞ በማግስቱ በር ላይ ይደርስለታል። እኛ መንገደኛ እየለመንን፣ ዶላር እየፈለግን ነው። ሦስት ጊዜ ኢ ከማስመጣት አንድ ጊዜ ኤምኤል ማስመጣት አይሻልም? ዋጋውም ያው ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

(ያልከው ነው፣ ወንድ ነኝ።)

ሙሉ ድምፅ በሒሳቡ አሳምኖኛል፣ በቅደም ተከተሉ አይደለም። ማይክሮላይን አቀማመጥ ላይ ይቅርታ የለውም። ትንሽ ከተጣመመ ከክቡ የባሰ ይንጫጫል። እሷ ገና ካርትሪጅ አስራ አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን የ1000 ሰዓት መርፌ በካቻቢቴ ጫፍ ብትሰብረውስ? ኢ ይዘሽ ተለማመጂ፣ እጅሽ ሲረጋ ኤምኤል መርፌውን ብቻ ግዢ።

ሙሉ ድምፅ

እሺ፣ ግን ኢውን 300 ሰዓት ሳትጨርሺ እንዳትወረውሪው። ለተቧጨሩት ሸክላዎች ይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከ45ዎችሽ ሞኖ የሆኑት ካሉ ሞኖ ቁልፉን ተጫኚ። ዘፈኑ በሁለቱም በኩል አንድ ስለሆነ አይነካም፣ የብናኙና የጭረቱ ኪሽኪሽታ ግን ግማሹ ይጠፋል። ነፃ ማሻሻያ።

ራዲዮ ጠጋኙ

ልጆቹ ደህና ተናገሩ። እኔ የእጅ ሥራውን ልጨምር።

ካርትሪጁ ዱዋሉ ላይ የሚታሰረው ከክንዱ ጫፍ በምትወጣ ተንሸራታች መያዣ ነው። እጀታዋን ገፋ ስታደርጊ ትወርዳለች፣ ስለዚህ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ትሠሪያለሽ። አራቱን ሽቦዎች በቀለማቸው፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ በወረንጦ፣ ቀስ ብለሽ። ካውያ ካርትሪጁ እግር ላይ አታስነኪ፣ ሙቀት ይገድለዋል። መያዣዋ ጀርባ ያሉትን የናስ ነጥቦች በአልኮል ጥረጊ፤ አንዱ በኩል ድምፅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በነሱ ነው።

የመርፌውን አቀማመጥ መለኪያ ወረቀት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ስታትሚ ግን መጠኑ መቶ በመቶ ይሁን፣ ከታተመ በኋላ በማስመሪያ አረጋግጪ። ማተሚያ ቤቶቹ «ወረቀቱ ላይ እንዲገባ» እያሉ ያሳንሱታል።

ክብደቱን መጀመሪያ ክንዱ በአየር ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ እስኪንሳፈፍ በኋላው ክብደት አስተካክይ፣ ከዚያ በጎን ያለችውን ቁጥር 2 ላይ አድርጊ። ፀረ ሸርታቴዋንም (ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የምትይዘውን) እንዲሁ 2፤ ለክብና ለሞላላ መርፌ የተለያየ ቁጥር ነው የተጻፈባት፣ ያንቺ ሞላላው ነው። ስፕሪንጉ አርጅቶ ሊዋሽ ስለሚችል በሚዛን አረጋግጪ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃል፣ ግን ሁለት ነገር አለ። የሚዛኑ ሳህን ብረት ከሆነ የካርትሪጁን ማግኔት ይስባል፣ ቁጥሩ ይዋሻል፤ ፕላስቲክ ነገር አስቀምጪበትና ዜሮ አድርጊው። መርፌው የሚያርፍበት ከፍታም የሸክላውን ያህል መሆን አለበት፣ ከፍ ካለ ይዛባል።

እብነ በረዱን ተይው። ማሽኑ በራሱ ስፕሪንግ ላይ ነው ያለው። የማይወዛወዝ ጠረጴዛ፣ ከስፒከሩ ራቅ ያለ፣ በውሃ ልክ ቀጥ ያለ፣ ይበቃል። ስለ ሽቦ መቀየር የሚያወራውንም አትስሚው፣ ያለው ሽቦ ካልተበጠሰ አይነካም።

ሸክላዎቹን እጠቢ። ከመርፌም ከካርትሪጅም በላይ ልዩነት የምታዪው እሱ ላይ ነው። የሃምሳ ዓመት የዕጣን ጭስ፣ የቡና ጭስ፣ የጣት ቅባት አለበት። ዲስቲልድ ውሃ (ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ንጹሑ፤ አሲዱ አይደለም፣ ሁለቱ አንድ ቦታ ስለሚሸጡ ጽሑፉን አንብቢ)፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጨርቅ፣ በመስመሩ አቅጣጫ። ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቂ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ። በጥላ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጠመዘዛል። አንድ ደንበኛዬ በካቲካላ አጥቦ አምጥቶልኝ ያውቃል፤ ቤቱ ሁሉ ሠርግ ቤት ሸተተ። የ78 ሸክላ ካገኘሽ ደግሞ አልኮል በዞረበት አይዙር፣ ያሟሟዋል። እሱ መርፌውም ሌላ ነው፣ ወፍራም።

ፍራንክፈርት

እኔ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ እገባለሁ። ፑሊዋን ከዚህ ማዘዝ ይቻላል፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። የሻጩ ማስታወቂያ ላይ 1219 እና 50 ኸርዝ የሚሉት ሁለቱም መጻፋቸውን ብቻ እዪ። ዱዋል ብዙ ሞዴል ስላለው «ትገጥማለች» የሚልን ሻጭ አትመኚ። የዚያችን ጎማ፣ የፒምፕሏንም፣ የተዘጋጀች ይሸጣሉ። ግን የጋሼን የብስክሌት ጎማ እኔም ራሴ ተጠቅሜበታለሁ፣ እስከዛሬ ትሠራለች።

አጎትሽን ደግሞ ጠይቂው፤ ከማሽኑ ጋር የ45 መሐል መሙያ፣ ክብ ነገር፣ ነበረች። የውጭ 45 መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ካለው ያለ እሷ አይጫወትም።

የሸክላ ጀማሪ

ፍራንክፈርት የምሬን ነው፣ ፑሊዋን ላዝዝና ባንተ አድራሻ ትምጣ፣ በውስጥ መልእክት እንነጋገር። አጎቴን የመሐል መሙያዋን ጠየቅኩት፣ «መሳቢያ ውስጥ አለች፣ ምን እንደሆነች ስለማላውቅ አልላክኋት» አለ።

ስለዚህ አሁን የማደርገው፣ ፑሊና ጎማ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ፎኖ ያለው የድሮ ሪሲቨር ፍለጋ፣ ቪኤም95ኢ ካርትሪጁ ደግሞ በአጎቴ በኩል። ሙሉ ድምፅ አልሸጥኩትም፣ አትዘን። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ ፑሊዋ እስክትመጣ በዚህ ባለው መርፌ የውጭ ኤልፒዎቹን 45 ላይ አድርጌ ብሰማስ?

ራዲዮ ጠጋኙ

45 ላይ ስታደርጊው 37 ተኩል ይዞራል፣ ኤልፒውን ያስሮጥብሻል፤ ቁልፏን ወደ ታች ብታዞሪያትም አይወርድም። አሮጌው መርፌም አይታመንም። ወር ነው፣ ታገሺ። በዚህ መሐል ሸክላዎቹን እጠቢ፣ የደረቀውን ግሪስ አስጠርጊ።

ፑሊዋን ስትቀይሪ የ60ዋን እንዳትጥያት። በፌስታል አድርገሽ ከሳጥኑ ውስጥ በኩል በፕላስተር ለጥፊያት። አንድ ቀን ማሽኑ ተመልሶ አሜሪካ ቢሄድ ያኔ ደግሞ እዚያ በጣም እየፈጠነ ያስቸግራቸዋል።